ልጆቹ ወደ ሙዚየም ወይስ ሙዚየሙ ወደ ክፍል?

ቅርስን ለልጆች ለማስተማር፣ የጣና ሐይቅ ባሕረ ገብ መሬት የሆነውን ዘጌን ከነገዳማቱ በአካል ማየት ምትክ የለውም። በጀልባ ጣናን አቋርጦ፣ በቡናው ጥላ ሥር ወጥቶ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ሥዕሎች ማየት መታደል ነው። ግን የጀልባ ኪራይ አለ። በሐይቁ ደሴት ላይ ያለው ገዳም፣ ክብራን ገብርኤል፣ ደግሞ ሴት አይገባም፤ ሴት ተማሪዎቻችን ምን ይሁኑ?

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ በሙዚየምና በገዳም የሚታየው ዓይነት ዕቃ ወደ ክፍል ይምጣ ባይ ነኝ። መስታወት ውስጥ ያለ ብራና አይነካም። ለመማሪያ የተዘጋጀውን የፍየል ብራና ግን ልጆቹ ይዳብሱታል። የጠጉሩ በኩል ጠቆር፣ የሥጋው በኩል ነጣ ማለቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። በመቃ ብርዕ «ሀ» ብለው ይጽፋሉ።

የጣና ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ ደንገሉም እንዲሁ። ደረቁን አስረው ትንሽ ታንኳ ይሠሩና ሳፋ ላይ ያንሳፍፋሉ። ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ አይሰምጥም። ማሰሪያው ከላላ ግን ይበተናል። ያኔ ፈትተው እንደገና ጠበቅ አድርገው ያስሩታል።