ሶልቪት፦ በአውሮፓ ኅብረት የመኖሪያና የሥራ መብቱ ለተጓተተበት ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ አግብቶ ከትዳር አጋሩ ጋር ወደ ሌላ አባል አገር የተዛወረ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ካርዱ ሲጓተትበት፣ ወይም ሥራ ለመጀመር የተለየ የሥራ ፈቃድ አምጣ ሲባል፣ አቤቱታውን ያለ ክፍያ የሚያቀርብበት ሶልቪት የተባለ አገልግሎት አለ። አገልግሎቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ በኅብረቱ አባል አገሮች ሁሉ፣ እንዲሁም በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊኽተንስታይን በመንግሥት መዋቅር ሥር የሚሠሩ ማዕከላት አሉት።

አቤቱታው በኢንተርኔት ይቀርባል፤ የተቀበለው ማዕከል መርምሮ ችግሩ ወደተፈጠረበት አገር ማዕከል ይልከዋል፤ ይህም ጉዳዩን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ10 ሳምንት ውስጥ መፍትሔ ለማግኘት ይጥራል። የአሠራሩን ጥንካሬ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ባለጉዳዩ ደጋግሞ ቢያመለክት መልስ የማይሰጠውን መሥሪያ ቤት፣ የዚያው አገር መንግሥት ባልደረባ ሕጉን ጠቅሶ ሲጠይቀው ዝም ማለት ይከብደዋል።

ሕጉም ለዚህ ዓይነቱ አቤቱታ የሚያመች ግልጽነት አለው። የኅብረቱ ዜጎችና ቤተሰቦቻቸው በአባል አገሮች የመዘዋወርና የመኖር መብታቸውን የሚወስነው የ2004ቱ የኅብረቱ መመሪያ ቁጥር 38 በአንቀጽ 23 ላይ የመኖር መብት ያለው የቤተሰብ አባል፣ ዜግነቱ የየትም ቢሆን፣ ተቀጥሮም ሆነ በግሉ መሥራት እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 10 የመኖሪያ ካርዱ ማመልከቻው ከገባ በ6 ወር ውስጥ እንዲሰጥ፣ ማመልከቻው መቅረቡን የሚያረጋግጥ ወረቀትም ወዲያውኑ እንዲሰጥ ያዛል። በአንቀጽ 25 መሠረት ካርዱን መያዝ መብቱን ለመጠቀም ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም፤ ካርዱ መብቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ እንጂ የመብቱ ምንጭ አይደለምና። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2008 ከአየርላንድ በቀረበለት የሜቶክ ጉዳይ፣ የውጭ አገር ሰው የሆነው የትዳር አጋር አስቀድሞ በሌላ አባል አገር በሕጋዊነት የኖረ እንዲሆን መጠየቅ እንደማይቻል ወስኗል። የ6 ወሩ ገደብ ያለፈበት ሰው እንግዲህ የሚያቀርበው ልመና ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ የሚረጋገጥ ጥሰት ስለሆነ፣ ሶልቪትን ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ድክመቱ ግን ቀላል አይደለም። ሶልቪት የሚያስገድድ ውሳኔ መስጠት አይችልም፤ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይም አይቀበልም። ካርድ የለህም ብሎ አልቀጥርም ያለ የግል ድርጅትን አይመለከትም፤ ብዙ ሰው ደግሞ የሚጎዳው በዚሁ በኩል ስለሆነ ክፍተቱ ያሳዝናል። የኅብረቱ ዜጋ የሆነው የትዳር አጋሩ ከገዛ አገሩ ወጥቶ ያልኖረ ሰውም በአብዛኛው በዚያው አገር የውስጥ ሕግ ስለሚዳኝ እዚህ ብዙ ተስፋ ሊጥል አይገባውም፤ በሌላ አባል አገር አብረው ኖረው የተመለሱት ግን የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ1992 በሲንግ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ መከራከሪያ አላቸው።

ጉዳዩ በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ ያልለየለት ሰው፣ አስቀድሞ በኅብረቱ ወጪ ያለ ክፍያ የሕግ ምክር የሚሰጠውን «የእርስዎ አውሮፓ ምክር» (Your Europe Advice) የተባለውን አገልግሎት ቢጠይቅ ይሻለዋል። ማመልከቻው በጽሑፍ ውድቅ የተደረገበት ደግሞ ከሁሉ በፊት የይግባኙን ቀን ያስላ፤ ለሶልቪት ማመልከት የይግባኝ ጊዜን አያቆምም፣ 10ሩን ሳምንት ሲጠብቅም ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።