ከጨረቃ ነጥሮ ለሚመጣ ሲግናል የትኛውን መቀበያ እንግዛ?

አማተር የሬዲዮ ሰዎች ወደ ጨረቃ የሚልኩት ሲግናል ነጥሮ ለመመለስ 2.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ144 ሜጋኸርዝ በመንገዱ 250 ዲሲቤል (የሲግናል ብርታት መለኪያ) ያህል ያጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ጫጫታ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ አይለይም። ፈልቅቆ የሚያነበው ሶፍትዌር ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ በነፃ ይገኛል። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለር ያስጀመረው ነው። ገንዘብ የሚፈልገው ዕቃው ነው።

መቀበያ ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንቴናውን እና ፕሪአምፑን ግዙ። ፕሪአምፕ ሲግናሉን የሚያጎላ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ቦታው እዚያው አንቴናው ሥር ነው። ከሱ በፊት ያለው ኬብል 3 ዲሲቤል ከበላ፣ የሲግናሉ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ውዱ ሬዲዮ ያንን አይመልሰውም። በ144 ሜጋኸርዝ ሰማዩ ራሱ ስለሚጮህ መካከለኛ ፕሪአምፕ ይበቃል። በ1296 ሜጋኸርዝ ግን ሰማዩ ጸጥ ያለ ነው፤ እያንዳንዷ የዲሲቤል ሽራፊ ዋጋ አላት።

አሁን ወደ መቀበያዎቹ። አርቲኤል-ኤስዲአር ዶንግል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ፣ ከ50 ዶላር በታች ይገኛል። ሲግናሉን የሚለካው በ8 ቢት ብቻ ስለሆነ ከተማ ውስጥ ጠንካራ ማሰራጫ ሲጠጋው ይጨናነቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከፍሪኩዌንሲው መንሸራተቱ ነው። በ144 ሜጋኸርዝ የተለመደው የመልእክት መላኪያ ዘዴ ኪው65-60ኤ ይባላል፤ መልእክቱን በሚሸከሙት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት 1.67 ኸርዝ ብቻ ነው። መልእክቱ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ዶንግሉ በዚያች ደቂቃ ብዙ ከተንሸራተተ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ነገር አይገኝም። ስለዚህ ቲሲኤክስኦ፣ ማለትም ሙቀት ሲለዋወጥ የማይዋዥቅ ክሪስታል፣ ከሌለው ተዉት።

ፈንኪዩብ ዶንግል ፕሮ ፕላስ የእንግሊዞች ሥራ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል። 16 ቢት ነው፣ ጥሩ ቲሲኤክስኦ አለው፣ ለ144 እና ለ432 ሜጋኸርዝ የሚሆን ማጣሪያም ውስጡ ተሠርቶለታል። ሊንራድ በሚባል ሶፍትዌር በኩል ማፕ65 ከሚባለው የማንበቢያ ሶፍትዌር ጋር ካገናኛችሁት፣ በ90 ኪሎኸርዝ ስፋት ውስጥ ያሉትን ጣቢያዎች በአንድ ላይ ያነብላችኋል። ተራ ሬዲዮ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 3 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። መስማት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያለምንም ማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። አንድ ረጅም ያጊ አንቴና ጨምሩበትና ጨረቃ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ ሞክሩ። ከመሬት የሚነጥረው ሞገድ ስለሚደመርበት ጥቂት ዲሲቤል በነፃ ታገኛላችሁ።

አይኮም አይሲ-9700፣ የሚልክም የሚቀበልም ሬዲዮ፣ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። ለመስማት ብቻ ከሆነ ብር ማባከን ነው። መላክ ለሚፈልግ ግን ሦስቱ ባንዶች (144፣ 432 እና 1296 ሜጋኸርዝ) በአንድ ሳጥን አሉለት። በ144 የሚሰጠው 100 ዋት ከአንድ ያጊ ጋር ትልልቅ አንቴና ወዳላቸው ጣቢያዎች ሊያደርስ ይችላል። በ1296 የሚሰጠው 10 ዋት ግን አያወላዳም፤ የኃይል ማጉያ በጀት ያዙለት። አሜሪካ ላላችሁ፣ ለመስማት ፈቃድ አያስፈልግም። ለመላክ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ቴክኒሺያን የሚባለው ፈቃድ፣ በእነዚህ ባንዶች ላይ ይበቃችኋል።