የዶክተር ኦርኒሽ የልብ ፕሮግራም፦ የዮጋው ሰዓት ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

አሜሪካ ውስጥ ሃርት አታክ የያዘው ወይም ስቴንት (የጠበበ የልብ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዝለት የተለመደው የልብ ማገገሚያ ነው፤ 36 ቀጠሮ፣ ባብዛኛው ትሬድሚልና ብስክሌት። የአሜሪካዊው ሐኪም የዶክተር ዲን ኦርኒሽ ፕሮግራም ከዚህ ይከብዳል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ለ9 ሳምንት፤ በድምሩ 72 ሰዓት። አንዱ ሰዓት ስፖርት፣ አንዱ የምግብ ትምህርት፣ አንዱ የቡድን ውይይት፣ አንዱ ደግሞ ዮጋ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም በተለይ ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይሸፍነዋል።

የዮጋው ሰዓት ስሙ «ጭንቀትን መቆጣጠሪያ» ነው። ላብ የሚያስወጣውን፣ ጂም ቤት የሚሰጠውን ዓይነት ዮጋ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። እዚህ ያለው ቀስ ያለ ማሳሳብ፣ በጀርባ ተኝቶ ሰውነትን ማፍታታት፣ የትንፋሽ ልምምድና ሜዲቴሽን ነው። ለልብ ሕመምተኛ የሚሻለውም ይኸው ነው፤ በተለይ ትንፋሹ።

ትንፋሹን ቤት ውስጥ ለመለማመድ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት ይበቃል። አንዱ ቆጠራ አንድ ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የደም ግፊትን ከቅጽበት ቅጽበት የሚያስተካክለው ባሮሪፍሌክስ የተሻለ ይሠራል፣ የልብ ምትም ረጋ ይላል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት «በዝግታ» ሲባሉ «በጥልቀት» ስለሚመስላቸው ነው። ደረታቸው እስኪወጠር አየር ይስባሉ፤ ያኔ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል። መፍትሔው ፍጥነቱን ሳይቀይሩ የሚስቡትን አየር መቀነስ ነው። አየር አፍኖ መቆየት ግን ጭራሽ አያስፈልግም፤ አፍኖ ማማጥ የደም ግፊትን ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

ደረቱ ተከፍቶ ባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ቧንቧ ማለፊያ የሚሠራበት ቀዶ ጥገና) የተሠራለት ሰው አጥንቱ እስኪገጥም፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ፣ ክብደቱን በእጆቹ ላይ መጣል የለበትም። ስለዚህ ፕላንክ (በክንድ ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) እና እንደ ውሻ ተንጠራርቶ መቆም ይቀራሉ። ከወለል መነሳት ራሱ እጅን መግፋት ስለሚጠይቅ ወንበር ላይ መሥራት ይመረጣል፤ ጎማ የሌለው፣ የማይንሸራተት፣ ሲቀመጡበት ሁለቱም እግሮች መሬት የሚረግጡበት ወንበር። ልቡ የደከመና ሲጋደም የሚያፍነው ሰው ትራስ ደራርቦ ከወገብ በላይ ቀና ብሎ ያርፋል። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ከተኙበት ብድግ ካሉ ሊጥላቸው ይችላል፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ዞር፣ ከዚያ ቁጭ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መቆም። ናይትሮግሊሰሪን (የልብ ሕመሙ ደረት ላይ ሲነሳ የሚወሰድ መድኃኒት) የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን አጠገቡ ያድርግ እንጂ ኮት ኪሱ ውስጥ ትቶ አይምጣ።

የፕሮግራሙ ዝና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ከታተመው ጥናት ነው። 28 ሰዎች ሕይወታቸውን ከሥር ቀይረው፣ ሌሎች 20 ሰዎች በተለመደው ክትትል ቀጥለው ከአንድ ዓመት በኋላ የልብ ቧንቧቸው በምስል ታየ። በመጀመሪያዎቹ አማካዩ ጥበት ከ40.0 ወደ 37.8 በመቶ ወረደ፤ በሌሎቹ ከ42.7 ወደ 46.1 ወጣ። ለውጡ ትንሽ ቢሆንም አቅጣጫው ተቃራኒ መሆኑ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን እነዚያ 28 ሰዎች ዮጋ ብቻ አልሠሩም፤ ሥጋ ትተዋል፣ ሲጋራ አቁመዋል፣ ስፖርት ሠርተዋል። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ከዚያ ጥናት መለየት አይቻልም። ሕንድ ውስጥ በ24 ሆስፒታሎች 3,959 ሃርት አታክ የያዛቸው ሰዎች የተካፈሉበት፣ ዮጋን መሠረት ያደረገ ማገገሚያ የተፈተነበት ሌላ ጥናት በ2020 ሲታተም ሞትን፣ ዳግም ሃርት አታክንና ስትሮክን በግልጽ እንደቀነሰ ማሳየት አልቻለም። ሰዎቹ ግን የተሻለ ጤንነት ተሰምቷቸዋል፤ ወደ ቀድሞ ሥራቸውና እንቅስቃሴያቸውም በተሻለ ተመልሰዋል። «ዮጋ የተዘጋ ቧንቧ ይከፍታል» የሚል አስተማሪ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲንም ሆነ አስፕሪኑ በዮጋ ምክንያት አይቆምም።

የፕሮግራሙ ከባዱ ክፍል ምግቡ ነው። ከቀኑ ካሎሪ ከስብ የሚገኘው 10 በመቶ ገደማ ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በ2,000 ካሎሪ ሲሰላ 22 ግራም ነው። የኛ የጾም ምግብ የሚስማማ ይመስላል፣ ሥጋም ቅቤም የለውም። ዘይቱ ግን አለ! አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ስብ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ማንኪያ ድርሻ ያለበት ሽሮ የቀኑን ኮታ ያልፋል። ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት ይቻላል፣ ጣዕሙ ግን ያው አይደለም። በ1990ው ጥናት ካፌይንም ተከልክሎ ነበር፤ ቡና ለለመደ ቤት ይህን መንገር ቀላል አይደለም።

ቤት ውስጥም በየቀኑ አንድ ሰዓት ዮጋና ሜዲቴሽን ይጠበቃል። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ጨርሶ ከመተው ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ትንፋሹን ብቻ መያዝ ይሻላል። ዮጋው የእግር ጉዞን አይተካም፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ እንዳለ ይቀጥላል።

በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ማግኘት ለሚችል ጡረተኛ ፕሮግራሙ ያዋጣል። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው የተለመደውን ማገገሚያ ይዞ የወንበር ዮጋ መጨመር ይቀለዋል። ሜዲኬር የሚከፍለው ባለፉት 12 ወራት ሃርት አታክ ለያዘው፣ ባይፓስ ወይም ስቴንት ለተደረገለት፣ የልብ ቫልቭ ለተጠገነለት ወይም ለተቀየረለት፣ ልብ ለተተካለት፣ ያልተባባሰ አንጃይና (ከልብ የሚመጣ የደረት ሕመም) ወይም ያልተባባሰ ሥር የሰደደ የልብ ድካም ላለበት ሲሆን የሐኪም ትእዛዝ ያስፈልጋል። ከዓመታዊው ቅድመ ክፍያ በኋላ 20 በመቶው የታካሚው ነው፤ በ72ቱ ሰዓት ሲባዛ ቀላል ስለማይሆን ተጨማሪ ኢንሹራንሱ ይሸፍነው እንደሆነ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ነው።