ዘመናዊ ዳንስን ፎቶ ማንሳት፦ ፈጣን ሸተር ወይስ ዘገምተኛ?

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አዳራሽ ዘመናዊ ዳንስን በፎቶግራፍ ለማስቀረት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው የሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋውን የካሜራ መከለያ፣ ፍጥነት ነው።

በ1/1000 ሰከንድ የተነሣ ምስል ዝላይን አየር ላይ ያቆመዋል፤ የጡንቻው ውጥረትና የጣቶቹ አዘረጋግ ጎልተው ይታያሉ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ባርባራ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የዘመናዊ ዳንስ ፈር ቀዳጅ የሆነችውን የማርታ ግራሃምን ዳንስ ስታነሣ፣ ትርኢቱን ከመከታተል ይልቅ የመረጠቻቸውን እንቅስቃሴዎች በስቱዲዮ እያስደገመችና መብራቱን እያዘጋጀች ትሠራ ነበር። በደብዛዛ አዳራሽ ግን ይህ ፍጥነት አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) እጅግ ከፍ ማድረግን ስለሚጠይቅ ምስሉ ብናኝ በሚመስሉ ነጠብጣቦች ይሞላል።

1/15 ሰከንድ በአንጻሩ ያለውን ብርሃን በሚገባ ይሰበስባል፤ ቅርጽን ያደበዝዛል፣ እንቅስቃሴን ግን ያሳያል። እስክስታን ከዘመናዊ ዳንስ ጋር የሚያዋሕድ የወሎ ወጣት ሲነሣ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ፈጣኑ ሸተር ባለበት የቀረ ትከሻ ሲያሳይ፣ ዘገምተኛው እግሩ መሬት ላይ ጸንቶ ሳለ ትከሻው የሚንቀጠቀጥበትን ዱካ በምስሉ ላይ ይተዋል። በእኔ እምነት የዳንሱ ነፍስ ያለችው በዘገምተኛው ነው፤ ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማጽናት ግን የግድ ነው፤ አለዚያ ዳንሰኛው ብቻ ሳይሆን መድረኩም አብሮ ይደበዝዛል። ለዝላይ ብቻ ፈጣኑን እመርጣለሁ።