እማዬን ሞንቴኔግሮ ላዞረልን ሹፌር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ዘገየሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ለዚያ ልጅ ጻፍሽለት ወይ?» ትለኛለች። ይኸው እማዬ፣ ጻፍኩ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እማዬ ባለፈው ነሐሴ ልትጠይቀኝ መጣች። ዕድሜዋ 68 ነው፤ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ላንጋኖም ሐዋሳም ወስደናታል፤ ማዶው የማይታይ ውሃ ግን በቴሌቪዥን ብቻ ነው የምታውቀው። ወደ አገሯ ሳትመለስ ባሕር ላሳያት ቆረጥኩ። ስፔንና ግሪክ ለኪሴ ከበዱኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ሞንቴኔግሮን ሞክሪ» አለችኝ።

ሞንቴኔግሮ ከጣሊያን ማዶ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ አገር ናት። ሕዝቧ 600 ሺህ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ራሷን የቻለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስሟ ጥቁር ተራራ ማለት ነው፤ ተራራውም ባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው።

በመስከረም ዋና ከተማዋ ፖድጎሪጻ አረፍን። ከኤርፖርት ባሕር ዳር ወዳለችው ከተማ ወደ ቡድቫ የሚወስደን መኪና በኢንተርኔት ይዤ፣ ሙሉውን ቀድሜ ከፍዬ ነበር። የሚጠብቀን ሰው የለም። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። እማዬ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች፤ እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ። ያኔ ሌላ ተሳፋሪ አድርሶ ሊመለስ የነበረ ሹፌር ወደ እኛ መጣ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ወዴት እንደምንሄድ አይደለም። በጀርመንኛ «እናትሽ ውሃ ጠጥታለች?» ነው ያለኝ። ከመኪናው አንድ ጠርሙስ ውሃ አወጣ፣ ከፍቶ ሰጣት። እማዬ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው በአማርኛ። እሱ ደግሞ የገባው ይመስል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ከእሱ ጋር ነበርን። ጀርመን ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ የኡልቺን ከተማ ልጅ ነው። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። እማዬን «ማማ» ነው የሚላት።

እኔ ከኢንተርኔት የለቀምኩት ዝርዝር ነበረኝ። እሱ አንዴ አየው፣ ከዚያ «ማማ ደረጃ ትወጣለች?» አለኝ። አልኩት፣ ጉልበቷ አይችልም። እስክሪብቶ ተቀበለኝና ዝርዝሩን ለሁለት ከፈለው፤ አንደኛው የእኔ፣ ሌላው የሁለታችን። የሎቭቼን ተራራ ላይ ያለው የድሮው ገዢና ባለቅኔያቸው የንየጎሽ መቃብር 461 ደረጃ አለው፤ የእኔ። የኮቶር ምሽግ ወደ 1,350 ደረጃ ነው፤ የእኔ። ይህን ያህል ደረጃ እንዳለ እኔ ሳልጠይቅ የነገረኝ እሱ ነው።

ኮቶር የገባነው ገና በማለዳ ነው። ከተማው በቅጥር የታጠረ ነው፤ ቅጥሩ ከኋላ ባለው ተራራ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ወጥቼ ስወርድ እማዬን በቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ፊት አገኘኋት። እሱ ከካፌ ወንበር ለምኖ አምጥቶላት፣ ማኪያቶ ይዛ፣ ሁለት የኮቶር ድመቶች እግሯ ሥር ተኝተው ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1195 የተሠራች ትንሽዬ ናት። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም በየራሱ መንበር የጸለየባት ዘመን ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ «እንዴት ያለ መከባበር ነው» ብላ ብዙ አሰበች።

ለኮቶር ቅርብ ከሆነችው ከትንሿ ከተማ ከፔራስት በጀልባ ወደ እመቤታችን ደሴት ተሻገርን። ደሴቷን የሠራት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1452 ሁለት ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ከድንጋይ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አገኙ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ድንጋይ እየጣለ፣ አሮጌ መርከብ እያሰጠመ፣ ባሕሩን ሞላው። ዛሬም በየዓመቱ ሐምሌ 15፣ በእነሱ ጁላይ 22፣ ጀንበር ስትጠልቅ በጀልባ እየወጡ ድንጋይ ይጥላሉ። ደሴቷ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጥልፍ አለ። አንዲት የፔራስት ሴት ወደ ባሕር የሄደ ወዳጇን እየጠበቀች 25 ዓመት የጠለፈችው ነው ይላሉ። የመላእክቱን ፀጉር የጠለፈችው በገዛ ፀጉሯ ነው፤ መጀመሪያ የጠለፈቻቸው ቀለም አላቸው፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ነጭ ናቸው። እማዬ በወጣትነቷ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። መነጽሯን አድርጋ መስታወቱ ላይ ልትለጠፍ ደረሰች። ሌላው ጎብኚ እየገፋ ሲያልፍ ሹፌራችን ከኋላዋ ቆሞ ቦታ ያዘላት። አንድም ጊዜ «እንሂድ» አላለም።

በንየጉሺ መንደር ሰዉ የሚቆመው ለደረቀ የአሳማ ሥጋና ለአይብ ነው። እማዬ አሳማ እንደማትበላ ልነግረው ስል «እኔም አልበላም፣ ለእኛ አይብ» ብሎ አዘዘ። ረቡዕና አርብ ደግሞ ምግብ ቤት ስንገባ ቀድሞ «ፖስኖ» ይላቸዋል። የጾም ማለት ነው። ይህችን ቃል ያዟት፣ ጿሚ ከሆናችሁ በጣም ትጠቅማችኋለች።

እማዬ አሁንም የምታወራው ስለ ኦስትሮግ ገዳም ነው። ቀጥ ያለ ገደል መሐል ነጭ ሆኖ የተለጠፈ፣ የላይኛው ገዳም ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው። ከሩቅ ስታየው «ይምርሐነ ክርስቶስ!» ብላ ጮኸች። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው የኦስትሮጉ ቅዱስ ባስልዮስ ዐፅም እዚያ አለ፤ የቂሣርያው ባስልዮስ አይደለም። ከታችኛው ገዳም በባዶ እግራቸው የሚወጡ ሰዎች አየን። እሱ መኪናውን እስከሚፈቀደው ድረስ ወደ ላይ ወሰደልን። «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እናቴ የታመመች ጊዜ ግን እዚህ መጥታለች» አለን። እዚያ ሁሉም ነው የሚመጣው። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ሳያጎነብሱ አይገባም። እሱ ይህንንም ቀድሞ ስለነገራት እማዬ እኔን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀስ ብላ ገባች። ስትወጣ ጀርባዋን ሳትሰጥ ወደ ኋላ እየተራመደች ነው የወጣችው። ከዚያ መኪና ውስጥ እስከ ቡድቫ ድረስ ዝም አለች። እሱም ሬዲዮኑን አጠፋላት።

ስለ ባሕር ዳርቻዎቹ ልንገራችሁ። አብዛኞቹ ጠጠር ናቸው፣ የውሃ ጫማ ያዙ። ቡድቫ ሞግሬን ያምራል፣ ግን ሰው ይበዛበታል። ስቬቲ ስቴፋን ድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረች ደሴት ናት፤ ከላይ ከመንገዱ ቆማችሁ ስታዩዋት ነው የምታምረው። አሸዋ የምትፈልጉ፣ በተለይ ልጆች ያሏችሁ፣ ኡልቺን ሂዱ። ትልቁ ባሕር ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ደቃቅ አሸዋ ነው፣ ውሃውም ብዙ ርቀት ድረስ ከጉልበት አያልፍም።

እማዬ ግን አራት ቀን ሙሉ ውሃው ዳር ቆማ እግሯን ብቻ ነበር የምታስነካው። ወንድ ባለበት ልብሷን አታወልቅም። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በአምስተኛው ቀን እሱ «ኡልቺን ውስጥ የሴቶች ብቻ ባሕር ዳርቻ አለ» አለኝ። ጥዶች ያሉበት ትንሽ ገደል ሥር ነው፣ ለመግቢያ ትንሽ ይከፈላል። ከዐለቱ የሚወጣው ውሃ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ መካን ሴት ያስወልዳል ብለው ከጥንት ጀምሮ ያምኑበታል። እሱ ከላይ መንገዱ ላይ ቆመና «እኔ እስከዚህ ነኝ» አለ። እማዬ ሽታውን ስታሸት «ይሄማ ጠበል ነው» ብላ በቀሚሷ ገባች። እስከ ደረቷ። የማያውቋት የኡልቺን እናቶች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው በቋንቋቸው ሲያበረታቷት፣ እሷ በአማርኛ ስትመልስ፣ ሦስቱም ሲስቁ አየሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጣም አለች።

ከሰዓት በኋላ የኡልቺንን አሮጌ ከተማ አሳየን። የባሮች አደባባይ የሚባል ቦታ አለ። የኡልቺን መርከበኞች በድሮ ዘመን ከአፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎችን ወደዚህ ያመጡ ነበር፤ ዘሮቻቸውም እዚያው ከተማ ውስጥ ኖረዋል። ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከእማዬ ዓይን ሳይሸሽ ነው። እማዬ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ጸሎት አደረሰችላቸው። እሱ እስክትጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

ለመሄድ ላሰባችሁ አንድ ሁለት ነገር። ገንዘባቸው ዩሮ ነው። አገሪቱ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ውስጥ የለችም፤ ሆኖም የሚሠራ የሸንገን ቪዛ ይዞ እስከ 30 ቀን መቆየት ይቻላል። ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ግን ወደ ጀርመን መመለሻ የላችሁም። እናትና አባት ለምታመጡ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደንብ ይቀየራልና ትኬት ሳትቆርጡ ኤምባሲያቸውን ጠይቁ።

የተስማማንበት ዋጋ ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ለኮቶሩ ማኪያቶ እንኳ ልክፈል ስለው ተቆጣኝ። በመጨረሻው ቀን እማዬ ከአዲስ አበባ ለእኔ ካመጣችው ቡና ግማሹን ሳትነግረኝ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት «የማማ ልጅ ናት የላከችን» በሉት። ቡናው እንዴት እንደሆነም ጠይቁልኝ፣ እማዬ ማወቅ ትፈልጋለች።