ሥሯ ካትራሜ ተቀብቷል፦ ከአሮጌ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ጋር ዘጠኝ ወር

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ማታ አጥሩን ከፍቶልኝ ገባሁና ፍሬን ስይዝ ጠጋ ብሎ «ኋላ ጀሪካን ጭነሃል እንዴ?» አለኝ። አልጫንኩም። እንኳን ጀሪካን፣ እኔና አንድ ፌስታል ዳቦም በግድ ነው የምንገባባት። «ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚንቦጫረቀው?» አለ። ትንሽ ወደ ፊት ነዳኋትና ፍሬን ያዝኩ። ከበሩ ሥር የሆነ ነገር ቦጭ ብሎ ወደ ፊት ሄደ፣ ቦጭ ብሎ ተመለሰ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ስለዚህች መኪና ብዙ ሊባል ይችላል። እኔ ግን ዘጠኝ ወር ነድቻት ከሁሉ አብልጬ የማውቀው ያንን ውሃ ስለሆነ ከሱ ጀመርኩ።

መኪናዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ አሜሪካኖች ሚያታ የሚሏት። ሁለት ወንበር፣ የሸራ ጣራ፣ ሞተር ከፊት፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ። በፈረንጆቹ 1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ታየች፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። የኔዋ ሁለተኛው ትውልድ ናት፤ የ2001 ምርት፣ 1,600 ሲሲ፣ አምስት ማርሽ። ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ልናገርና ልገላገል፦ መብራቷን ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የምታደርገው የመጀመሪያዋ ናት። የኔዋ መብራት እንደማንኛውም መኪና እዚያው የተቀመጠ ነው።

የገዛኋት በእኛ አቆጣጠር ጥር 2017 ነው፤ ሰው ያገለገለች ቪትዝ በሚገዛበት ብር። እናቴ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻትና «ልጄ፣ ለቅሶ ስንሄድ እኔን ጭነህ አባትህን የት ልትጥለው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ደላላው ግን ለሁሉም መልስ ነበረው። አንደኛ፣ ዲፕሎማት ነበር የሚነዳት አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ አሮጌ መኪና ሁሉ ወይ ዲፕሎማት፣ ወይ የሐኪም ሚስት ነበረች የምትነዳው፤ ስለዚህ ይህንን አለፍኩት። ሁለተኛው ግን ያዘኝ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። ደላላው ሁለቱንም ራሱ ያወጣቸው ይመስል ኮራ ብሎ ነው የነገረኝ። «አለቃ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ዓይነት መኪና አገር ውስጥ አይገባም። ይህችን ካላነሣህ በቃ፣ ሰክተህ የምታሳድራትን ትነዳለህ።»

ሦስተኛው ነው ጉዱ። «እስቲ ሥሯን እየው» ብሎ ጎንበስ አስደረገኝ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድም ቦታ ብረቱ አይታይም። «ካትራሜ ነው። ሙሉውን አስቀብተናታል። ይህች መኪና ዝገት የሚባል አታውቅም።» እኔም እንደሚያውቅ ሰው በጣቴ ነካ አድርጌ፣ አሽትቼ፣ አንገቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያችን ደቂቃ ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን አፍራለሁ።

ከጥር እስከ መጋቢት የምነግራችሁ የለኝም፤ ደህና ነበርን። ሚያዝያ ላይ ካፊያ ሲጥል የተሳፋሪው ምንጣፍ ረጠበ፤ መስታወቱን ሳልዘጋ አድሬ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሰኔ ሲገባ ሰበብ አለቀብኝ።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ ጣራው ነው አለኝ። ምክንያታዊም ይመስላል፤ የሸራ ጣራ ያለው መኪና ውሃ ካስገባ ሌላ ምን ይጠረጠራል? ሸራ ሰፊ ጋ ወስጄ ስፌቱን በማስቲሽ አስደፈንኩ። አስገባ። የመስታወቱን ጎማ አስቀየርኩ። አስገባ። አንዱ መካኒክ ሲሊኮን ጨምቆበት ሄደ፤ ያኔ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ማታ ማታ ላስቲክ እያለበስኩ በሲባጎ ማሰር ጀመርኩ። ስፖርት መኪና ገዛሁ ብዬ ስንት የተዘባነንኩባት ዝናብ የያዘው ጉልት መስላ ታድር ጀመር።

እኛ ሰፈር፣ ከቱሉ ዲምቱ ገባ ብሎ፣ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጎረቤቶቼ በርሜል ደርድረው ሌሊቱን ሲጠብቁ የኔ መኪና ያለ ወረፋ ሞልታ ታድራለች። አንዷ ጎረቤቴ «ወንድሜ፣ ለልብስ ማጠቢያ አትሰጠንም?» ብላኛለች። የቀልዷን መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

የቡሄ ዋዜማ ላይ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ ገልጬ በእጅ ባትሪ ማየት ጀመርኩ። ለካስ ጣራው ውሃውን ወደ ኋላ እንዲያወርድ ታስቦበት ነው የተሠራው! በጣራውና በባጋጁ መካከል፣ ከውስጥ በኩል፣ እንደ አሸንዳ የተዘረጋ ጎማ አለ። ከሸራው የወረደው ውሃ እሱ ላይ ይጠራቀምና በግራና በቀኝ፣ የወንበር ቀበቶው የታሰረበት ምሰሶ አጠገብ ወዳሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይሄዳል። ከዚያ በቱቦ ወርዶ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት መሬት ላይ ይፈስሳል። ማለትም ውሃ ቢገባ ችግር የለም፤ እንዲወጣ ነው የሚፈለገው። ሁለት ወር ሙሉ ጣራ ስደፍን የከረምኩት በከንቱ ነው።

በግራው ቀዳዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰስኩ። ቆመ። ጠበቅሁት። አንዲት ጠቆር ያለች የባሕር ዛፍ ቅጠል ከታች ተነሥታ ላዩ ላይ ተንሳፈፈች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አምጥቼ ስሰድ አንድ ክንድ ያህል ገብቶ ጠንካራ ነገር ላይ ቆመ። ቅጠል ብቻ ቢሆን ይበሳ ነበር።

ክሪክ አስገብቼ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ ደግፌ፣ ካርቶን ዘርግቼ ሥሯ ገባሁ። የቱቦውን ጫፍ ፈለግሁ፤ የለም። ሁሉም ቦታ ያው ጥቁር ነው። በጣቴ ስዳብስ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ስርጉድ ያለ ነገር አገኘሁ። በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅሁት። እንደ ደረቀ ሙጫ እየተላጠ መጣ፤ አንድ ሽፋን፣ ሁለት ሽፋን። ሦስተኛውን ስወጋው ሙሉው በእጅጌዬ ገባ። ቀዝቃዛ፣ ቡናማ፣ የረጋ ኩሬ የሚሸት ውሃ፣ እስከ ብብቴ። ልክ በዚያ ሰዓት የሰፈር ልጆች ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። የሚታያቸው እግሬ ብቻ ስለሆነ ሆያ ሆዬውን ለእግሬ ጨፈሩለት። ከሥር ሆኜ «ነገ ኑ!» ብዬ ብጮህ የሰማኝ የለም፤ ጨርሰው፣ መርቀው፣ ሙልሙል እስክሰጣቸው ቆሙ።

በዚህም አላበቃም። በበሩ ሥር ያለው ባዶ የብረት ሳጥንም የራሱ ቀጫጭን ማስተንፈሻዎች አሉት፤ የተረፈ ውሃ እንዲንጠባጠብባቸው። እነሱንም አንድ በአንድ በካትራሜ ደፍነዋቸዋል። ጥበቃው የሰማው «ጀሪካን» ይኸው ነው። ከግራው በኩል ብቻ ባለ አንድ ሊትሩ ሃይላንድ አራት ጊዜ ሞላ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

አሁን ያ ደላላ እዚህ ቢኖር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «አለቃ፣ ካትራሜ እኮ ከዝገት ይጠብቃል።» ይጠብቃል፣ ከውጭ የሚመጣውን። የኔዋን ግን ከውስጥ ነው የበላት። «ቀዳዳው ክፍት ከሆነ እኮ አቧራ ይገባል።» ወንድሜ፣ ፋብሪካው ቀዳዳ የተወው ብረት አልቆበት መሰለህ? «እኔ ምን አውቄ፣ የቀባው ሌላ ነው።» እሱስ እውነት ነው። የቀባውን ሰው ባገኘው ደግሞ የማልሰድበው ይመስለኛል። ሥሯ ተኝቶ፣ ብሩሹን ይዞ፣ ጥቁር ያልሆነውን ሁሉ ጥቁር አድርጓል። ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው ነው። ቀዳዳ ሲያገኝ ደግሞ ተጠንቅቆ ሁለትና ሦስቴ ደግሞበታል። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ መኪናዬ ደረቅ ነበረች።

ባቲላሜራው በመዶሻው ጀርባ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ጥግ ቆርቆር አደረገ። ከፊት ቲን ቲን ይል የነበረው እዚያ ሲደርስ ዱፍ አለ። «ይኼማ ቀለም ነው የያዘው» አለኝ። የእጅ መዳፍ የምታህል ላሜራ ቆርጦ አወጣና አዲስ በየደባት። ስቱኮ ብቻ እንዳይለጥፍብኝ ቆሜ ነው ያሠራሁት። ይህች ጥግ በየትም አገር የኤምኤክስ-5 ደካማ ቦታ ናት፤ የውሃው መውረጃ ሲደፈን እዚያ ነው የሚጠራቀመው። አንድ ሰው ይህችን መኪና ሊገዛ ቢሄድ እንደኔ ሥሯን አይቶ አንገቱን እንዳይነቀንቅ። ጣራዋን ከፍቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፍስስባት።

ከውሃው ውጪ ያለው ችግር ችግር አይባልም። ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ የፍጥነት መግቻ ሲመጣ አግድም ነው የምወጣው፣ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ክላክሱን እስኪጠግብ ይነፋል። ባትሪዋ ባጋጅ ውስጥ መሆኑን ያላወቀ ጎሚስታ ኮፈኑን ከፍቶ ሩብ ሰዓት ፈልጓል። መለዋወጫ አታገኝም ብለው ያስፈራሩኝ ነበር፤ ሞተሯ ግን ከድሮዋ ማዝዳ 323 ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ ሶማሌ ተራ «ለ323» እያልኩ የዘይት ፊልትሮ ገዝቻለሁ። ስለ ኤምኤክስ-5 ብናገር ዋጋው በእጥፍ ይጠራ ነበር። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ስለ ፍጆታዋ ባላነሣ ይሻለኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ፋብሪካው 110 የፈረስ ጉልበት ያላት ያለው በባሕር ወለል ነው። አየር ሲሳሳ ደግሞ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ የጉልበቱን አንድ አሥረኛ ገደማ ይገብራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ስለዚህ እኔ እዚህ የምነዳው 85 ቢሆን ነው። ከመብራት ስነሣ ቪትዝ እንኳ አይፈራኝም። መስከረም ላይ፣ ምንጣፉ ከደረቀ በኋላ፣ እሑድ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን ይዤ ወደ አዳማ ወረድኩ። ጣራው ወርዷል፤ ጎኔ የሚያልፈውን የሲኖትራክ ጎማ ቡሎን መቁጠር እችላለሁ። ቢሾፍቱን አልፌ ወደ ሞጆ ስጠጋ መኪናዋ ስትለወጥ ተሰማኝ። መሪዋ ያው ነው፣ ማርሿ ያው ነው፤ እግሬን ሳሳርፍ ግን ሳትለመን ትሄዳለች። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ሌላ ምሥጢር የለውም፣ አየር አግኝታ ነው። ጉንፋን የለቀቀው ሰው ታውቃላችሁ? እንደዚያ። አዳማ ደርሼ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ማኪያቶ ጠጥቼ ተመለስኩ።

በዚህ ሳምንት ከጠየቃችሁኝ እንግዲህ ጥሩ ግዢ ነበር እላለሁ። ሐምሌ ላይ ጠይቃችሁኝ ቢሆን በብረት ዋጋ እሸጥላችሁ ነበር። የተሳፋሪው ወገን እስካሁን ኩሬ ኩሬ ይሸታል፤ የቡና አተላ አድርቄ በጨርቅ ቋጥሬ ከወንበሩ ሥር አስቀምጫለሁ። አሁን ሽታው የሁለቱም ድብልቅ ሆኗል። ባለቤቴ አዳማ አብረን እንሂድ ብላት «መጀመሪያ ትድረቅልህ» አለችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ደላላው ደወለ። «አለቃ፣ ያችን መኪና አልሸጥካትም አይደል? የሚፈልጋት ሰው አግኝቻለሁ።» መልስ ሳልሰጠው ቀጠለ። «አንድ ነገር ብቻ፣ ከማምጣትህ በፊት ሥሯን አንዴ ካትራሜ አስነካት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ማየት ይወዳል።»

አምስት ደቂቃ ሙሉ ያለ ማቋረጥ ተናገርኩት፤ ስለ ቱቦው፣ ስለ ቅጠሏ፣ ስለ ብብቴ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ፣ እና ስንት ትላለህ?» አለኝ።

ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ጠራሁለት።