ዙም የሌላት ሌንስ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ

ፎቶግራፍ አንሺ አይደለሁም። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ስፈታ እውላለሁ። እሁድ ጠዋት ግን ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ እላለሁ። ካሜራው ካኖን 700ዲ ነው። የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ዲሲ ለእረፍት ሲመጣ «እኔ አዲስ ገዝቻለሁ፣ አንቺ ተጫወቺበት» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሞዴል ስለሆነ በካሜራ ዕድሜ ሽማግሌ ነው። ለእኔ ይበቃኛል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ከላዩ ላይ ስላልነቀልኳት ሌንስ ነው፤ ካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም። «ኤፍ» ሌንሷ ለብርሃን ምን ያህል እንደምትከፈት የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል። «ኤስቲኤም» የፎከስ ሞተሯ ዓይነት ነው። ክብደቷ 160 ግራም ገደማ ነው። አንድ ብርቱካን በሉት። ቦርሳ ውስጥ ከምሳ ዕቃ ጎን ገብታ ትረሳለች።

ዙም የላትም። ቀለበት አዙሮ ሰው ማቅረብ የለም። ማቅረብ የፈለገ ይራመዳል። አልገባ ያለው ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከኋላው ቦይ አለመኖሩን አይቶ ነው ታዲያ። (እኔ ሳላይ አንዴ ገብቼበታለሁ። ጫማዬ ተበላሸ፣ ሌንሷ ደህና ናት።) በዚያ ላይ የ700ዲ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) ከሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ከድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መጠን፣ ያነሰ ስለሆነ፣ 50 የተባለችው እኔ ካሜራ ላይ ስትገባ እንደ 80 ነው የምታየው፤ ይበልጥ አቅርባ፣ ጠበብ አድርጋ። ቤት ውስጥ ይህ ያስቸግራል። እናቴ ቤት ቡና ሲፈላ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንኳ የገባልኝ ረከቦቱና የአፍይዋ እጅ ብቻ ነው። እንግዶቹ ውጭ ቀሩ። ሠርግና ልደት ላነሳ ነው የሚል ሰው ይህቺን ብቻ ይዞ እንዳይወጣ።

እንጦጦ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህች በፊት ከጓደኛዬ የተዋስኩት ረጅም ዙም ነበረኝ። ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ከሩቅ አነሳ ነበር። ፎቶዎቹ ቆንጆ መስለውኝ ነበር። አንድ ቀን አንዷ ቆም አሉና «አንቺ ልጅ፣ ዛፍ ሥር ተደብቀሽ ሰው ታነሺያለሽ እንዴ?» አሉኝ። የምገባበት አጣሁ። ቤት ሄጄ የዚያን ጠዋት ፎቶዎች ሁሉ ሰረዝኳቸው።

በ50ዋ ሰው ከወገቡ በላይ እንዲገባልኝ ካሜራውን በቁሙ ይዤ ሁለት ሜትር ላይ መሆን አለብኝ። ሁለት ሜትር ማለት ሰላምታ የማይታለፍበት ርቀት ነው። «እንደምን አደሩ እማማ?» ሳይባል ካሜራ አይነሳም። ሰላምታው ካለ ጨዋታው አለ፤ የእንጨቱ ዋጋ፣ የጉልበታቸው ሕመም፣ «መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው? እስቲ ለዚህ የሚሆን ቅባት ንገሪኝ»። ከዚያ በኋላ ነው «ላንሳዎት?» የሚመጣው። እምቢ የሚሉም አሉ። ሸክሙን ከነእሳቸው ለማስገባት ደግሞ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፤ እንጨቱ ከሰው ቁመት ይሰፋላ!

ብርሃን ላይ እውነትም ጎበዝ ናት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ማምሻችን አጭር ነው። 12 ሰዓት ላይ ያየሁት ወርቃማ ብርሃን 12 ተኩል ላይ የለም። ያኔ ነው ሽሮ ሜዳ የሚያምረኝ። የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ አምፖላቸውን ያበራሉ፣ የነጠላው ጥለት ይፈካል። ከካሜራው ጋር የመጣው ኪት ሌንስ ዙሙ መጨረሻ፣ 55 ሚሊ ሜትር ላይ፣ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው። ይህቺ ኤፍ 1.8 ላይ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች። በዚያኛው ካሜራው 1/8 ሰከንድ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚጠይቀኝ ቦታ በዚህችኛዋ 1/80 ይበቃኛል። አንዱ ብዥታ ነው፣ ሌላው ፎቶ። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ሲስተም ግን የላትም፤ ከ1/80 በታች ከወረዳችሁ ክንዳችሁን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉ።

ኤፍ 1.8 አለ ተብሎ ሁሌ እዚያ ላይ አይኬድም። የመጀመሪያ ወር እንደዚያ አደረግኩ። አራት ኪሎ አንድ ሊስትሮ ልጅ ከአንድ ሜትር አነሳሁ፤ ሳቁ ልብ ይሰርቃል። ኮምፒውተር ላይ ሳየው አንድ ዓይኑ ጥርት ብሏል፣ ሌላው ዓይኑ ብዥ። በዚያ ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። አሁን ሰው ሳነሳ 2.8 ላይ ነኝ፤ ያኔ ምስሉም ይበልጥ ይጠራል።

ተፈጥሮ ለማንሳትስ? እንደ ነገሩ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባን እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ትጠጋላችሁ፤ ከዚያ በላይ ከተጠጋችሁ ፎከስ አታደርግም። አበባው በደንብ ይመጣል፣ ላዩ ላይ ያለችው ንብ ግን ትንሽ ሆና ትቀራለች። ወፍ አይታሰብም። ጠዋት ጠዋት ጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚቀሰቅሰን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የማይገኘው ዋትልድ አይቢስ በእኔ ፎቶዎች ውስጥ ጥቁር ነጥብ ነው። ያልጠበቅኩት ነገር የጭላዳ ነው። ደብረ ሊባኖስ ሄደን ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ሲበሉ ጥቂት ሜትር እስክንቀርብ ዝም አሉን። ፊታቸው፣ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት፣ ጣቶቻቸው፣ ሁሉም ገባ። ክረምት ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ሌንሷ ውኃ የሚከላከል ማሸጊያ የላትም። እኔ የእንጦጦ ጉም ሲመጣ ፌስታል ነው የማለብሳት።

ሌላው ጥቅሟ ትንሽነቷ ነው። ረጅም ሌንስ ስትይዙ ጥበቃ ሁሉ ያፈጥባችኋል። በዚህችም ቢሆን አልዳንኩም። አንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የተንጠለጠለ የጃካራንዳ አበባ ሳነሳ ጥበቃው «ማንሳት ክልክል ነው!» ብሎ አስጠፋኝ። «አበባ እኮ ነው» ብል ማን ሊሰማኝ።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም። ከ2016 ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ያገለገለ ከገዛችሁ ግን የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ ተመልከቱ። እኔ መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ፈንገስ ነበረው። ሻጩ «አቧራ ነው፣ ይጠረጋል» አለኝ። መስታወቱ ውስጥ ያለን አቧራ በምን እንደሚጠርገው አልነገረኝም። ተጨቃጭቀን ግማሽ ገንዘቤን አስመለስኩ። ሁለተኛዋን ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ገዛሁ፤ እስካሁን ያለችው እሷ ናት። ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሸጠውን የቀድሞውን ሞዴል በዚህች ዋጋ እንዳይሸጡላችሁ። የእሱ ካሜራው ላይ የሚገጥመው ክፍል ፕላስቲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣችው ኤስቲኤም ግን ብረት ናት። የፀሐይ መከለያው ለብቻው ነው የሚሸጠው።

ለጀማሪ፣ በእግሩ ለሚሄድ፣ ሰው ማናገር ለማይፈራ ሰው ይህቺን ግዙ እላለሁ። የሚፈራም ቢገዛት ይለምዳል።

ያኔ የተቆጡኝን እናት በዚህችው ሌንስ አስፈቅጄ አነሳኋቸው። አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩትና «እንጨቱን ከዚህ ላይ ማጥፋት አይቻልም?» አሉኝ። በሚቀጥለው እሁድ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ያለ ሸክም በራቸው ላይ ጠበቁኝ። ሁለት ሜትር፣ ኤፍ 2.8። ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ይህንኛውን ነው።